አምስት በር ያለው ግንብ፣ አንድም በር የሌለው መመሪያ

በአገራችን ኮሌጅ የረገጠ ሰው ሁሉ ያችን ወረቀት ያውቃታል። በኮምፒውተር ላቦራቶሪው በር ላይ በፕላስተር ተለጥፋለች፤ ፀሐይ አገርጥቷታል፤ ርእሷ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል፤ «የኮምፒውተርና የኢንተርኔት አጠቃቀም መመሪያ»። ከርእሱ በታች መብላት ክልክል ነው፤ መጠጣት ክልክል ነው፤ ፍላሽ መሰካት ክልክል ነው፤ ፊልም ማየት፣ ዘፈን ማውረድ፣ ጌም መጫወት፣ ፌስቡክ መክፈት ክልክል ነው። በመጨረሻም የሚከለከለው ነገር ሲያልቅባት ሁሉን ጠቅልላ የምታስር አንዲት ዐረፍተ ነገር ትመጣለች፤ ማናቸውም ተገቢ ያልሆነ አጠቃቀም እርምጃ ያስወስዳል። ምን ዓይነት እርምጃ? አልተጻፈም። ማን ይወስነዋል? አልተጻፈም። «ተገቢ ያልሆነ» ማለትስ ምን ማለት ነው? እሱማ ጭራሽ አይነሣም።

ውድ አንባብያን፣ በአገሩ ስንት የሚያስጮህ ጉዳይ እያለ ስለ አንዲት የላብ ወረቀት ይጽፍልናል እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ አንድ የ18 ዓመት ወጣት ከቤተሰቡ ርቆ ኮሌጅ ሲገባ፣ ስሙን ጽፎና ፈርሞ የሚቀበለው የመጀመሪያው ሕግ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ፓርላማውን በቴሌቪዥን ያየዋል፤ ሕገ መንግሥቱን በሥነ ዜጋ ፈተና ላይ ያገኘዋል፤ ይህችን ወረቀት ግን ይኖርባታል። ሕግ ማለት ምን እንደሆነ የሚማረው ከእርሷ ነው። የምታስተምረውም ትምህርት ክፉ ነው፤ ሕግ ማለት በበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው የዛሬ ስሜት ነው ትላለች።

እኔ የምኖረው ሐረር ነው። በዚህ ከተማ ስለ ክልከላ ሲወራ ስለ ግንብ ሳያወሩ ማለፍ አይቻልም። የጀጎል ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተሠራ ነው። ለመከላከያ የታነጸ ግንብ ነውና ስለ ነፃነት ሊሰብክልን አይችልም። ሆኖም ይህ ግንብ አምስት በሮች ነበሩት፤ እያንዳንዱም ስም አለው። ሐረሪዎቹ አስማዲን በሪ፣ ባድሮ በሪ፣ ሱቁጣጥ በሪ፣ አርጎ በሪ፣ አሱም በሪ ይሏቸዋል፤ በአማርኛ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር እንላቸዋለን። ዛሬ በመኪና የምንገባበት የሐረር በር የተከፈተው ዘግይቶ ነው። ከኤረር የመጣ በየትኛው እንደሚገባ ያውቅ ነበር። ጦር የያዘ ጦሩን ማስረከብ እንዳለበት ያውቅ ነበር። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ሐረር ሲገባ፣ ወደ አሚሩ ከመቅረቡ በፊት መሣሪያውን እንዲያስረክብ መጠየቁንና እሱም ማንገራገሩን ራሱ ጽፎታል። ማንገራገር የቻለው ደንቡ አስቀድሞ ስለተነገረው ነው። ከገባ በኋላ «ጦር ይዘህ ኖሯል» ተብሎ አልተያዘም።

ሌላም ነገር አለ፤ ለከተማችን እንግዳ የሆነ አንባቢ ቀልድ ይመስለው ይሆናል። ግንቡ ሥር ጅብ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ግንበኞቹ ጅብ በሌሊት እንደሚመጣ፣ ቆሻሻውንም እንደሚያጸዳ ስለሚያውቁ መግቢያ አዘጋጁለት። የጀጎል ግንብ ለጅብ እንኳ መንገዱን ለይቶ አሳይቷል። የኮሌጆቻችን መመሪያ ለተማሪው ይህን ያህል አላሰበለትም።

አሁን ፍትሐዊ ልሁን። ክልከላዎቹ ሁሉ ከንቱ አይደሉም። ፍላሽ የተከለከለው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በአንድ ወቅት አንድ ፍላሽ የአንድን ላብ ማሽኖች በአንድ ከሰዓት በኋላ በቫይረስ አጥለቅልቆ ፎልደሮችን ሁሉ አቋራጭ ምልክት አድርጎ ሲያስቀራቸው ያላየ መምህር የለም። መስመሩም ቀጭን ነው። አንድ ተማሪ ፊልም ሲያወርድ ሠላሳው ኢሜይሉን መክፈት አይችልም። ይህንን የሚቆጣጠር ደንብ ያስፈልጋል፤ አያስፈልግም የሚል ካለ ጠባብ መስመር ላይ ሠርቶ አያውቅም።

የላቡን ሠራተኛም መውቀስ አልሻም። ያ ሰው ማሽኖቹን በሞዴል 22 ፈርሞ የተረከበ ነው። ማውዝ ቢጠፋ ከደመወዙ ይቆረጣል። አንድ ተማሪ አንድ ነገር ሳይማር ቢመረቅ ግን ከደመወዙ የሚቆረጥ ሳንቲም የለም። ስለዚህ ማሽኑን ይጠብቃል፤ ከትምህርት ሰዓት ውጭ በላስቲክ ይሸፍነዋል፤ በሩን ይቆልፋል፤ ቁልፉን ኪሱ ይጨምራል። በሂሳብ አያያዛችን ብልሃተኛ እሱ ነው። መመሪያውን ያወጣው አካል ግን የሞዴል 22ን አስተሳሰብ ወደ ሰው አእምሮ ማሸጋገሩ አይገባም ነበር። ማሽን እንዳይነካ ይጠበቃል፤ ኢንተርኔት ግን ካልተነካ የለም።

አሁን ወደ ተጨባጩ ነገር ልግባ። የእህቴ ልጅ አዋላጅ ነርስ ለመሆን የምትማር ናት። ኮሌጇን አልጠቅስም። አንድ ከሰዓት በኋላ ላብ ገብታ፣ ሲወለድ መተንፈስ ያቃተውን ጨቅላ ሕፃን እንዴት እንደሚያስተነፍሱት የሚያሳይ የማስተማሪያ ቪዲዮ ከፈተች። መምህርቷ በክፍል ውስጥ በአሻንጉሊት አሳይታቸው ነበር፤ አሻንጉሊቷ አንዲት፣ ተማሪዎቹ ብዙ። ቪዲዮው የሚጀምረው ከወሊዱ ነው። የላቡ ሠራተኛ ከኋላዋ ሲያልፍ የሴት ገላ አየ።

«ምንድነው የምታዪው?» አላት።

«ትምህርት ነው፣ ጋሼ።»

«ይሄ ነው ትምህርት?» ብሎ መታወቂያዋን ወሰደ። ሠላሳ ተማሪ እያየ።

ጉዳዩ ወደ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሄደ። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ቪዲዮው ምን እንደሆነ ሲነገራቸው ገባቸው። ግን መመሪያው «ጸያፍ ምስልና ማናቸውም ተገቢ ያልሆነ ነገር» ይላል፤ ሠራተኛውም ሪፖርቱን በጽሑፍ አስገብቷል፤ በጽሑፍ የገባ ነገር ደግሞ በጽሑፍ መዘጋት አለበት። ስለዚህ የይቅርታ ደብዳቤ ጻፊና መታወቂያሽን ውሰጂ አሏት። እሷም ማታ ወደ እኔ መጣች። «አጎቴ፣ ምን ብዬ ልጻፍ? ሕፃን ሲወለድ በማየቴ ተጸጽቻለሁ ልበል?» አለችኝ። የቢሮ አማርኛ የሚያውቅ ሰው ይዞ መጻፍ ለዚህ ይጠቅማልና፣ ማንም ያልተጸጸተበት፣ ማንም ያላጠፋበት፣ ነገር ግን ፋይል የሚዘጋ አንድ ገጽ ጻፍንላቸው። መታወቂያዋ ተመለሰ። እሷ ግን ወደዚያ ላብ አልተመለሰችም። ሠላሳ ሰው ባለበት «ይሄ ነው ትምህርት?» የተባለች ልጃገረድ ለምን ትመለሳለች? ትምህርቱን ከጓደኛዋ ስልክ ላይ ተጋርታ ታያለች፤ ስክሪኑ የእጅ መዳፍ ታክላለች፤ የሕፃኑ ደረት ከፍ ማለት አለማለቱን ለማየት አንገቷን ታቀርባለች። ይህች ልጅ ነገ የአንዳችንን ልጅ ታዋልዳለች። እንግዲህ «ተገቢ ያልሆነ» የሚለው ቃል በዚያ ቀን ማንን ከምን ጠበቀ?

ብዙዎቻችን የማናስተውለው ሌላ ጉዳይ አለ። የኮሌጅ መመሪያ በኮሌጁ ግቢ ውስጥ የሚቀር ይመስለናል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ን ከፍታችሁ አንብቡ። አንቀጽ 3 ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠ ፈቃድ ውጪ ሆን ብሎ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን በእስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ያደርገዋል። ሥርዓቱ ሕጋዊ ሰውነት ላለው ተቋም አገልግሎት ብቻ የተመደበ ከሆነ ደግሞ ቅጣቱ ይከብዳል። አሁን ሕግ ያልተማረ ሰው እንኳ ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ የተማሪው «የተሰጠ ፈቃድ» የት ይጀምራል፣ የት ያበቃል? ይህን የሚናገር ሌላ ሰነድ የለም። ያለው ያችው በፕላስተር የተለጠፈች ወረቀት ናት። እርሷም «ተገቢ ያልሆነ» ከማለት በቀር ድንበር አላሰመረችም። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይሏል ይኼ ነው። ዛሬ የላብ ሠራተኛ መታወቂያ የሚነጥቅበት ቀዳዳ፣ ነገ ቂም ያለው ሰው የወንጀል ክስ የሚያስገባበት ቀዳዳ ነው። ይህ ሆኗል አላልኩም። ሊሆን የሚችልበት በር ተከፍቷል፤ የከፈተውም ሕግ አውጪው ብቻ አይደለም፣ የኮሌጁ ጸሐፊም ጭምር ነው።

ሰው አገር የሆነውን እንይ። አሜሪካዊው ወጣት አሮን ስዋርትዝ በኤም.አይ.ቲ. ኔትዎርክ ተጠቅሞ ጄስቶር ከተባለው የጥናት ጽሑፎች ማከማቻ እጅግ ብዙ ጽሑፎችን አወረደ፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2011 ተያዘ። ጄስቶር ራሱ ክሱ እንዲገፋ እንደማይፈልግ ቢያሳውቅም የፌዴራል ዐቃብያነ ሕግ በኮምፒውተር ማጭበርበር ሕጉ ከሰሱት። ክሱ በተንጠለጠለበት እ.ኤ.አ. በጥር 2013 በ26 ዓመቱ ራሱን አጠፋ። በዚያው ሕግ ውስጥ «ከተሰጠ ፈቃድ በላይ» የሚል ከእኛው አዋጅ ጋር የሚቀራረብ ሐረግ አለ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021፣ በቫን ቡረን ጉዳይ፣ ሐረጉን አጠበበው፤ እንዲገባበት የተፈቀደለትን መረጃ ለማይገባ ዓላማ የተጠቀመ ሰው በዚህ ሕግ ወንጀለኛ አይሆንም አለ። ያለዚያ በቢሮው ኮምፒውተር ዜና ያነበበ ሠራተኛ ሁሉ ወንጀለኛ ሊባል እንደሚችል ዳኞቹ ታይቷቸዋል። እዚያ ይህን ለመለየት ዓመታት ፈጀ፤ አንድ ወጣትም ያንን ፍርድ ሳያይ አለፈ። እኛ አዋጁን ስናወጣ ሐረጉን ወሰድን፤ ክርክሩን ግን አልወሰድንም።

«ግልጽ ያልሆነ ሕግ በአፈጻጸም ይጠራል» የሚሉ አሉ። በአገራችን አፈጻጸሙን አይተናል። በ2004 የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 ሲወጣ፣ በስካይፕ ከዘመድ ጋር ማውራት ያሳስራል ወይስ አያሳስርም ብሎ አገር ተጨንቆ መንግሥት ማብራሪያ ለመስጠት ተገድዷል። በሚያዝያ 2006 የዞን ዘጠኝ ጦማርያንና ጋዜጠኞች ሲታሰሩ በኋላ ከቀረቡባቸው ነገሮች አንዱ የኮምፒውተር ደኅንነት ሥልጠና መውሰዳቸው ነበር። ከፊሎቹ በሐምሌ 2007 ክሳቸው ተነሥቶ ተፈቱ፤ ሌሎቹም በጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ በነፃ ተሰናበቱ። ነፃ እስኪባሉ ግን ከአንድ ዓመት በላይ ታስረው ነበር። እንግዲህ ፕሮክሲና ቪፒኤን መጠቀም ክልክል ነው የሚል መመሪያ በር ላይ ሲለጠፍ፣ ተማሪው የሚያነበው ክልከላውን ብቻ አይደለም፤ ከኋላው ያለውን ታሪክም ያነበዋል።

አገሪቱ ራሷ እንደ አንድ ትልቅ የኮምፒውተር ላብ ስትተዳደር ኖራለች ብል ማጋነን አይሆንም። ኢንተርኔት በ1989 በቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኩል ለሕዝብ ሲከፈት ቁልፉ አንድ ኪስ ውስጥ ነበር። በግንቦት 1998 ብሎጎች ከአገር ውስጥ መከፈት አቆሙ። (በዚያው ዓመት በሐምሌ ጀጎል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፈረ። አንድ ግንብ ለዓለም ክፍት ሲሆን ሌላ ግንብ እየተገነባ ነበር።) በግንቦት 2008 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተሰርቆ በማኅበራዊ ሚዲያ ተበተነ፤ ፈተናውም ተቋረጠ። ሌባው ከፈተናው ጥበቃ ሰንሰለት ውስጥ እንደ ነበር የሚስት ሰው የለም። መፍትሔው ግን በሐምሌ 2008 የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ሰሞን ማኅበራዊ ሚዲያውን መዝጋት ሆነ። የመንግሥት ቃል አቀባዩ የሰጡት ምክንያት ተማሪዎችን ያዘናጋል የሚል ነበር። ይህን ምክንያት የት ሰምተነው እናውቃለን? ያችው ወረቀት ላይ! በ2009 እና በ2011 በፈተና ሰሞን ደግሞ ኢንተርኔቱ ራሱ ተቋረጠ። የፈተና ወረቀት በደንብ ቢቆለፍ ኖሮ ባንኩም፣ ሆቴሉም፣ አስመጪውም ባልተቆለፉ። አንዱ ፍላሽ በቫይረስ ስለተበከለ ሁሉም ፍላሽ ይከልከል የሚለው የላብ ሒሳብ በአገር ስፋት ሲሠራ እንዲህ ይመስላል።

ሰኔ 2012ንም ልዝለለው አልልም፤ በሐረር ለምንኖር ቀላል ሰሞን አልነበረም። አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል ተዘጋ። በከተማችን የራስ መኮንን ሐውልት የፈረሰው በዚያው ሰሞን ነው። በመስመር ላይ ይሰራጭ የነበረው ጥላቻ እውነተኛ ነበር፤ አላስተባብልም። ግን ወሬ ያለ ኢንተርኔትም በስልክና በአፍ ይሮጣል። ወሬውን የሚያስተባብል ሰው ደግሞ መናገሪያ አጣ። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ወጥቶ ነበር። አጥፊውን ለይቶ የሚጠይቅ ሕግ በእጅ እያለ ሁሉንም መዝጋት ተመረጠ።

እዚህ ላይ አንድ ወዳጄ «አሁንማ ማን ላብ ይገባል? ሁሉም ስልክ ይዟል» ይለኛል። ከእኛ 50 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ድሬዳዋ ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 የሙከራ አገልግሎቱን ሲጀምር የኢትዮ ቴሌኮም ብቸኝነት አበቃ፤ እውነት ነው። ነገር ግን የወዳጄ አባባል ጉዳዩን ያባብሰዋል እንጂ አያቀልለውም። ሁሉም ስልክ ከያዘ፣ የላቡ መመሪያ የሚገዛው ማንን ነው? ለዳታ ጥቅል ገንዘብ የሌለውን ብቻ ነው። ነጋዴ አባት ያለው ልጅ በካፌው ጥላ ሥር ተቀምጦ የፈለገውን ያያል፤ ማንም መታወቂያ አይነጥቀውም። ከገጠር መጥቶ በወር የሚላክለት ብር ለምግብ እንኳ የማይበቃው ልጅ ግን የሚያየው ሁሉ በበሩ ጠባቂ ዓይን ሥር ያልፋል። መመሪያው ሥነ ምግባርን የሚጠብቅ ቢመስልም በተግባር የድህነት መቆጣጠሪያ ሆኗል።

ይህች ከተማ ሐኪምና ነርስ የሚሠለጥኑባት ከተማ ናት። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ እዚሁ ነው፤ ሕይወት ፋና ሆስፒታል እዚሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር ተስማምቶ እ.ኤ.አ. በጥር 2002 ሒናሪ የተባለውን ፕሮግራም ጀመረ። በዚህ ፕሮግራም የድሃ አገሮች ተቋማት ውድ የሆኑትን የሕክምና መጽሔቶች በነፃ ያነባሉ፤ ኢትዮጵያም ተጠቃሚ ናት። የተመዘገበ ተቋም የይለፍ ቃል ይሰጠዋል። ሒናሪም ደንብ አለው፤ አንድ መጽሔት በሙሉ ጠራርጎ ማውረድ ክልክል ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ አሳታሚው በነፃ የሚሰጠው ለንባብ እንጂ ለመሸጥ አይደለም። ይህንን ደንብ በላቡ በር ላይ ቢለጥፉት እኔ ራሴ ፕላስተሩን እገዛላቸዋለሁ። እኔ ያየኋት ወረቀት ግን ስለ ሒናሪ አንድ ቃል የላትም። የማይከፈተውን ሁሉ ትዘረዝራለች፤ የሚከፈተውን አትናገርም። ተማሪው ሦስት ዓመት ተምሮ፣ በዓለም ላይ ያለው የሕክምና ዕውቀት በከፊል በነፃ የተፈቀደለት መሆኑን ሳይሰማ ሊመረቅ ይችላል።

መገልበጥንም በተመለከተ ሐረር ልታፍር ይገባታል። ይህች ከተማ መጻሕፍት በእጅ እየተገለበጡ፣ በቆዳ እየተደጐሱ የኖሩባት ከተማ ናት። ያ ነገረኛ በርተን እንኳ፣ ስለ ከተማይቱ ብዙ ክፉ የጻፈው፣ የመጽሐፍ ጥረዛዋን ሳያደንቅ አላለፈም። ዛሬ በሸሪፍ ሙዚየም የምናያቸው የእጅ ጽሑፎች የተረፉት አንድ ሰው ከሌላው ስለገለበጠ ነው። በዚሁ ከተማ አንድ ተማሪ የመማሪያ መጽሐፉን በፍላሽ ገልብጦ እንዳይወጣ ተከልክሏል። ለቫይረሱ ፍላሹን የሚፈትሽ አንድ ማሽን በሩ አጠገብ ማስቀመጥ ሲቻል!

ስለ ምስጢር ጥቂት ልጨምርና ላብቃ። አንዳንዶቹ መመሪያዎች ኮሌጁ ተማሪው የሚጽፈውንና የሚያነበውን በማናቸውም ጊዜ የማየት መብት አለው ይላሉ። ይህን መብት ማን ሰጠው? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነት እንዳይደፈር ይደነግጋል፤ ገደብ ካስፈለገም በሕግ እንዲሆን ያዛል። የመምሪያ ማስታወቂያ ሕግ አይደለም። በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ መረጃ የሚሰበስብ ሁሉ ለምን እንደሚሰበስብ እንዲናገርና ከዚያ ዓላማ እንዳያልፍ ያስገድዳል። ኮሌጁ ማን መቼ እንደገባ መመዝገቡን አልቃወምም፤ ማሽን ሲሰበር ወይም የሌላ ሰው አካውንት ሲሰረቅ መዝገቡ ያስፈልጋል። የምቃወመው መዝገቡ መኖሩን ተማሪው አለማወቁን፣ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ አለመነገሩን፣ ማን እንደሚከፍተው አለመጻፉን ነው።

«ተማሪ ልጅ ነው፣ ካልተቆጣጠሩት ይባልጋል» ለሚሉ መልሴ አጭር ነው። በ18 ዓመቱ ይመርጣል፣ ይከሰሳል፣ ይታሰራል። ለእስር ያደገ ሰው ለንባብ ልጅ ሊሆን አይችልም።

የአሜሪካው ኤን.ኤስ.ኤፍ.ኔት እስከ ተዘጋበት እ.ኤ.አ. 1995 ድረስ የአጠቃቀም ደንብ ነበረው። ዓለም «የተፈቀደ አጠቃቀም» የሚለውን አነጋገር በአብዛኛው የለመደው ከዚያ ነው። ያ ደንብ የሚጀምረው ከዓላማው ነበር፤ ኔትዎርኩ የቆመው ለክፍት ምርምርና ለትምህርት እንደሆነ ይናገራል። ክልከላው ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ከዓላማውም ይመዘናል። የእኛዋ ወረቀት ከ«መብላት ክልክል ነው» ትጀምራለች።

እናም ለኮሌጅ ኃላፊዎች የማቀርበው ጥያቄ ከባድ አይደለም። በሚመጣው መስከረም ተማሪው «አንብቤ ተረድቻለሁ» ብሎ ከመፈረሙ በፊት መመሪያውን በእጁ ስጡት። ላቡ ለምን እንደተከፈተ በመጀመሪያው መስመር ጻፉ። ለሚከለከለው እያንዳንዱ ነገር ምክንያቱን አጠገቡ አስፍሩ፤ ምክንያት ያጣችሁለትን ሰርዙት። «ተገቢ ያልሆነ» የሚለውን ቃል አውጡት፤ ቢያስፈልግ ምትኩን ለማግኘት የሕክምና መምህር፣ የሕግ መምህርና ሁለት ተማሪዎች አንድ ከሰዓት በኋላ ይቀመጡ። የላቡ ሠራተኛ ያየውን ሪፖርት ያድርግ፤ መታወቂያ መንጠቅ ግን ሥልጣኑ አይሁን። የሚያዝን ተማሪም አቤት የሚልበት ሰው ስምና የቢሮ ቁጥር ከታች ይጻፍ። ይህ የመጨረሻው አንድ መስመር ብቻ ነው የሚወስደው። ቦታ የለም እንዳትሉ፤ ርእሱን በትንሽ ፊደል ብትጽፉት ይበቃል።